የአንድ ጠመንጃ ልክ

ሥራዬ ሂትሮው ነው፤ የመንገደኛ ቦርሳ ፍተሻ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ስክሪን ላይ እንደተተከለ ይውላል። ጥይት የምትመስል ነገር በኔ በኩል አታልፍም። ለቁልፍ መያዣ ተብላ የተበሳች አሮጌ ቀለሃ እንኳን ብትሆን ማሽኑን አቆማለሁ፣ ሱፐርቫይዘር እጠራለሁ፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ሰውየው በላብ ይጠመቃል። ከዚያ ሺፍቴን ጨርሼ፣ ባቡርና ባስ ቀያይሬ ዊልስደን ቤቴ ስደርስ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አጎቴ ባልዲ ሙሉ ቀለሃ ፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ዘገየሽ፤ ሥራ አለብን።" ይህንን ለሥራ ባልደረቦቼ ተናግሬ አላውቅም። ለቤተ ክርስቲያን እህቶቼማ ጭራሽ።

ቀለሃ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የምትቀረው የናስ ቅርፊት ናት። አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ እሷ ብቻዋን መሬት ላይ ትወድቃለች። እኔ መጀመሪያ ያየኋት አዲስ አበባ ነው፤ ከምርጫው በኋላ ግርግሩ የነበረ ጊዜ። ሲተኮስ ውሎ ጋብ ሲል ዳቦ ልገዛ ብወጣ አስፋልቱ ላይ ተበትና አገኘኋት። የሰፈሩ ልጆች እየለቀሙ አፏን እየነፉ ያፏጩባት ነበር። እኔ በጫማዬ እንኳን እንዳልነካት እየዘለልኩ አለፍኩ። ዳቦውን ገዝቼ ስመለስም ዘለልኩ።

በዓመቱ ለንደን መጣሁ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የለንደን ባስ ነድተው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው እኔን የተቀበሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ሻንጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ ስፈልግ ከደረጃው ሥር ያለውን በር ከፈትኩና ያንን ባልዲ አየሁ። እንዴት ያለ ቤት ነው የገባሁት አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ሻንጣዬን ይዤ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ስፖርቴ ነው" አሉ፤ ኳስ እንደሚጫወት ሰው ቀለል አድርገው።

ባስ ጋራዥ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ አይሪሽ መካኒክ ነው የለከፋቸው። እሱ የዒላማ ተኩስ ክለብ አባል ነበር፤ አንድ እሑድ ወሰዳቸው፣ በዚያው ቀሩ። ጠመንጃ በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ፖሊስ ቤት ድረስ መጥቶ ሁሉን ቼክ አድርጓል፣ ሐኪማቸውን ጠይቋል፣ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ በብሎን በታሰረ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው፣ ቁልፉ ያለበትን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። "የምንወጋው ወረቀት ነው" ይሉኝ ነበር ጋሼ። "ወረቀት ደም የለውም። አትፍሪ።" እኔ ግን ፈራሁ። ብዙ ጊዜ ያንን በር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው።

ፍርሃቴን የወሰደው አንድ የዝናብ ቅዳሜ ነው። ኦፍ ነበርኩ፤ ሻይ ልሰጣቸው ብዬ በሩን ገፋ አደረግኩት። ጋሼ አንዲት ቀለሃ በሁለት ጣታቸው ይዘው በመስኮቱ ብርሃን ያዩዋታል። እንዲህ ያለ አተያይ አይቼ የማውቀው እናቶች አራስ ሕፃን ሲያዩ ብቻ ነው። ሻዩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"ነይ እስቲ" አሉኝ። "ይቺን አዲሷን ያዢ። ይቺን ደግሞ የተተኮሰችውን።"

ያዝኳቸው። ለኔ አንድ ናቸው፤ አልኳቸውም። ሳቁና ካሊፐር የሚሏትን መለኪያ አምጥተው ሁለቱንም ለኩልኝ። ልዩነታቸው ከጸጉር ይቀጥናል። ግን አለ።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ፋብሪካ ቀለሃን ትንሽ አጥብቦ ነው የሚሠራት፤ የማንም ጠመንጃ ውስጥ እንድትገባ። ቃታ ሲሳብ ባሩዱ ይነዳና ናሱ በእሳቱ ግፊት ያብጣል፤ ጥይት ከሚቀመጥባት ጎሬ ግድግዳ ጋር በየአቅጣጫው ይለጠፋል። ጭሱና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚዘጋው እሱ ነው፤ ከጥፍር ብዙ የማይወፍር ናስ። መኪና የሚገለብጥ ኃይል ይዞ፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ እንኳን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ፣ ተመልሶ ኩምትር ብሎ ይወጣል። ሲወጣ ግን እንደገባ አይደለም። የዚያችን ጎሬ ልክ ይዞ ነው የሚወጣው።

"ሁለት ጠመንጃ አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢሠራቸው እንኳን ጎሬያቸው አንድ አይሆንም" አሉኝ። "ይቺ ከኔ ጠመንጃ ወጥታለች። አሁን የኔ ናት። ከሁሉም አብልጣ የምትመቸው ለኔው ጠመንጃ ነው።"

ያንን ሁሉ ጊዜ ስሸሻት የነበረችው ነገር እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያላት አይመስለኝም ነበር። ጌታ ሆይ፣ ሥራህ በየት በየቱ ተሸሽጓል አልኩ በልቤ፤ ናሱን የሠራው ፋብሪካ መሆኑን ባውቅም። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገባቸው መቀመጥ ለመድኩ። ያገለገለች ቀለሃ እንደገና እንድትሞላ መጀመሪያ ልኳ መመለስ አለበት፤ ሰፍታለችና አዲሱን አረር አትይዝም። ጠረጴዛው ላይ ረጅም እጀታ ያለው መጭመቂያ ታስሯል። አናቱ ላይ ፎርማ የሚሏት ክፍት ብረት ትገባለች፤ ጫማ ሰሪ ፎርማ እንደሚለው ያለ፣ ይሄ ግን ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነው የሚይዘው። ቀለሃዋን ከሥር ያስቀምጧታል፣ እጀታውን ይጫናሉ፣ ቀስ ብላ ወደ ፎርማዋ ትገባለች። ጋሼ ሁለት ፎርማ ነበራቸው። አንደኛዋ አንገቷን ብቻ ነው የምታጠብበው፤ ገላዋ በጠመንጃው ልክ እንደሰፋ ይቆያል። ሌላዋ ግን ከአናት እስከ ሥር ጨምቃ ፋብሪካ እንደሠራት አድርጋ ትመልሳታለች። ጋሼ ሁልጊዜ በአንገቷ ፎርማ ነው የሚሠሩት። የሙሉዋን ፎርማ ሲያነሷት እንኳን ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። "ይቺ አጥፊ ናት" ይሉኛል። "ጠመንጃው የነገራትን ሁሉ ታስረሳታለች።"

ከመጫኑ በፊት ቅባት አለ። ከበግ ጸጉር የሚወጣ ቅባት ነው፤ በጣት ጫፍ ተነክቶ ቀለሃዋ ላይ ይታሻል። ከበዛ ያሰረጉዳታል፣ ካነሰ ፎርማው ነክሶ ይይዛታል። ልኩን ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። ጋሼ እያንዳንዷን ሲያሹ ስማቸውን እስከመርሳት ይደርሳሉ፤ ስልክ ቢጮህ አይሰሙም። እኔ የምቸኩል ሰው ነኝ፣ ቁጣዬም አፍንጫዬ ላይ ናት። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ሰው እሆን ነበር። "አትቸኩዪ፤ ናስ ችኮላ አይወድም" ሲሉኝ እሺ ብዬ የምሰማው እዚያ ብቻ ነው።

እነዚያ ደህና ዓመታት ነበሩ። ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት ሲኒያቸው ላይ ነው። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስንላክ ከርመን የነርቭ በሽታ ነው ተባልን። መድኃኒት ያቀለዋል፣ አይመልሰውም። ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ በሽታው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤት ገብተው ኮታቸውን እንኳን ሳያወልቁ ለፖሊስ የጠመንጃ ክፍል ደወሉና ነገሯቸው። የጠመንጃው ላይሰንስ የሚያበቃበት ጊዜ ቀርቦ ነበር፤ "አላድሰውም፣ ጠመንጃውን ለነጋዴ አስረክባለሁ" አሉ በዚያች የባስ ሹፌር እንግሊዝኛቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

የፈራሁትን ልናገር። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጡረታ ወጥተው ሶፋ ላይ የተቀመጡና ከዚያ ሶፋ ያልተነሱ አባቶች አይቻለሁ። ጋሼ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ባሱን አስረክበዋል፤ የቀረቻቸው ይቺ ብቻ ናት። ጠመንጃው ከቤት የወጣ ቀን እሳቸውም አብረው ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ። ሌላ ዘመድ የለኝም እዚህ አገር። ሃርልስደን ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ስንጸልይ ሌላው ሰው ስለ መኖሪያ ወረቀቱና ስለ ቤቱ ሲለምን እኔ የአጎቴን እጅ ነበር ይዤ የምቀርበው።

አንድ ተስፋ ነበረኝ። የዚህ አገር በጋ፣ ሰመሩ፣ ሲያልቅ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው ትልቁ የተኩስ ሜዳ የቡድን ውድድር አለ። ከሩቁ መስመር ነው የሚተኮሰው፤ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ከሚቀረው። ጋሼ ከዓመቱ ሁሉ ያንን ቀን ነው የሚወዱት። ላይሰንሱ እስከዚያ አያልቅም። ያንን አንድ ቀን ተኩሰው ቢያበቁ፣ ጠግበው የተነሱ ሰው ይሆናሉ፤ የተነጠቁ አይሆኑም። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ "ቀለሃዎቹን እናዘጋጅ፣ የኔን እጅ ግን አትቁጠሪው" ሲሉኝ ዘልዬ ነው የተቀመጥኩት። እጀታውን እኔ እጫናለሁ፣ ቅባቱን እኔ አሻለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ሆነው ያያሉ።

"ዘንድሮ በሙሉዋ ፎርማ ነው" አሉኝ። "እስከ ታች ድረስ ተጫኚ።"

"ይቺ አጥፊ አይደለችም እንዴ?"

"ዘንድሮ ትሁን።"

አልጠየቅኳቸውም። ለመጨረሻው ውድድር ሁሉም እንደ አዲስ እንዲሆን ፈልገው ነው ብዬ በራሴ ተረጎምኩት። የሙሉዋ ፎርማ ጉልበት ትጠይቃለች፤ እጀታው መሃል ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ናሱ ሲሸነፍ በክንዴ በኩል ይሰማኛል። ያ ስሜት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ብረት ለብረት ሲታዘዝ የሚያሰማው ነገር አለ፤ ድምፅ አይደለም፣ አጥንት ውስጥ ነው የሚሰማው። ጋሼ ፊቴን እያዩ "ሰማሽው?" ይሉኛል። "ሰማሁት" እላለሁ። አንዷን አውጥቼ ሌላዋን ሳስገባ ወደ ሕይወት የምመልሳቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከጸሎት ተመልሼ ልንቀጥል ስንል የቅባቱ ቆርቆሮ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ታዟል፣ ገና አልመጣም። ጋሼ ናፍጣ እንዳለቀበት ባስ ቀጥ አሉና ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ አላውቅም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? አሰብኩ። ቅባት ነው የጎደለው። እኛ ቤት ቅቤ ያልፈታው ምን ችግር አለ? ጸጉር ሲደርቅ ቅቤ፣ ራስ ሲያም ቅቤ፣ ቆዳ ሲሰነጠቅ ቅቤ፣ ቀለበት ጣት ላይ ሲጠብቅ ቅቤ። ፍሪጅ ከፈትኩ፤ እናቴ የላከችልኝ ንጥር ቅቤ አለ። የበግ ቅባት ከሆነ የላም ቅባት ምን አነሰው ብዬ ጣቴን ነክሬ ቀለሃዋን አሸኋት። በደንብ ወዛች። እጀታውን ተጫንኩ።

እስከ መሃል ሸርተት ብላ ገባች። ከዚያ አንድ የሚንቋቋ ድምፅ ተሰማና ቀጥ። ወደ ታች ብል የለም፣ ወደ ላይ ብል የለም። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት፤ ከሥር የያዘው ብረት የቀለሃዋን ቂጥ ቦጭቆ ባዶውን ተመለሰ፣ እሷ ግን ፎርማው ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች። ጋሼ ነቁ። ጠጋ ብለው አሸተቱ።

"ኮሰረት ነው?" አሉ።

"ኮሰረትና ኮረሪማ" አልኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"የኔ ልጅ፣ ቀለሃዋን ልኳን ልትመልሽላት ነው ወይስ ልታቁላላት?"

ሳቁ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር፤ እንባቸው እስኪወርድ። ቅቤ ለሰው ገላ ለስላሳ ነው፣ በብረት መሃል ሲገባ ግን ተጨምቆ ይሸሻል፤ ናስና ብረት ባዶ ለባዶ ይገናኛሉ። የበጉ ቅባት ነው የማይሸሸው። ይሄን እያስረዱኝ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ፎርማው ግን የተቀረቀረ ነበር። መሣሪያ ያለው ደግሞ ያ አይሪሽ ጓደኛቸው ነው። ደወልኩለት፤ እዚሁ ቅርባችን ሃርልስደን ነው የሚኖረው፣ ወዲያው መጣ። ዕድሜው ከጋሼ አያንስም። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ግን ከመጀመሪያው ቀን አንተ ብዬው ቀርቻለሁ።

ፎርማውን ፈቶ አወጣና "የገና ኬክ ይሸታል" አለ። የቀለሃዋን ቂጥ በመሰርሰሪያ በሳ፣ ጥርስ አወጣለት፣ ብሎን አስገባና እያዞረ እያዞረ ስቦ አወጣት። ከዚያ ፎርማውን ሲጠርግ እጁ ቆመ። ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ጠረጴዛው ላይ ወዳሰለፍናቸው ቀለሃዎች ዞረ፣ አንዷን አንስቶ በመለኪያው ለካት፣ ሌላ አነሳና ለካ።

"ይሄን ፎርማ ትጠላው ነበርኮ" አለ ጋሼን። "ገላቸውን ሁሉ መልሰኸዋል። ይሄ ላንተ ጠመንጃ ምንም አይጠቅመውም። ለማን ነው የምትሠራቸው?"

ጋሼ መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ "ላንተ" አሉት። "የጠመንጃችን ዓይነት አንድ ነው። ስጨርስ ልሰጥህ ነበር።"

እኔ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ገላቸው የተመለሰው ማንም ጠመንጃ እንዲቀበላቸው ነው። ያ ሁሉ ሳምንት የጋሼን ጠመንጃ ልክ ከእያንዳንዷ ቀለሃ ላይ ስጨምቅ፣ ሳጠፋ የከረምኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። "ሰማሽው?" ሲሉኝ "ሰማሁት" እያልኩ።

ደሜ ፈላ። አይሪሹ ፊት መሆኔን ረስቼ በአማርኛ ጀመርኩ። "እንዴት እንዲህ ያስደርጉኛል? እኔ ለውድድሩ መስሎኝ፤ አንድ ቀን ይተኩሱ ብዬ ስጸልይ የከረምኩት! ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ አትጫኚልኝም ነበር።"

"አዎ አልጫንም! አሁንም አልጫንም!"

አስጨረሱኝ። ከዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። "ባለፈው ሜዳ ስንሄድ ተኝቼ አነጣጥሬ ነበር። ገና አልወሰንኩም። ነፋሱን እየጠበቅኩ ነው። ጣቴ ብቻውን ሳበው። አሸዋ ላይ ነው ያረፈው። ማንም አላየም። ይሄ ጓደኛዬም አላየም። እኔ ግን ያላዘዝኩት ጥይት ከእጄ ወጣ። አንቺ ጥይት የወደቀበትን መንገድ አይተሽ የመጣሽ ልጅ ነሽ። አንዲት ያልታዘዘች ትበቃኛለች።"

አይሪሹ አማርኛውን ሳያውቅ ነገሩን ከፊታችን አነበበ መሰለኝ፣ ባልዲው ላይ ቁጭ ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎ ጨርሶ እንኳን ይጠርጋል። ጋሼ በእንግሊዝኛ ደግመው ነገሩት። ራሱን ነቀነቀ። እኔ ወጥቼ ሄድኩ፣ ክፍሌን ዘጋሁ። ተናድጄ ነበር፤ በሳቸው ይሁን በበሽታው ይሁን በራሴ አላውቅም። ከሁሉ በላይ ግን የሆነ ፍርሃት የመሰለ ነገር ያዘኝ። ማንም ያላየባቸውን ጥፋት ራሳቸው ላይ አይተው፣ ራሳቸው ዳኝተው፣ ዝም ብለው ፍርዱን ከኔ ጋር ሲፈጽሙ የከረሙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ሻይ እያፈላሁ ስኖር አላወቅኋቸውም።

በማግስቱ ከጠዋት ሺፍት ስመለስ ከደረጃው ሥር ድምፅ ሰማሁ። አዲሱ ቅባት መጥቷል። ጋሼ ብቻቸውን ሊሠሩ ሞክረዋል፤ ቀለሃዋን ቦታዋ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ከእጃቸው ትወድቃለች፣ ጎንበስ ብለው ያነሳሉ፣ እንደገና ትወድቃለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። አላጉረመረሙም።

"እስቲ ይጠጉ" አልኩና ተቀመጥኩ።

የቀሩትን ጨረስናቸው። አሁን እያወቅኩ ነው የምጫነው። እጀታው መሃል ላይ እምቢ ሲል እኔም እምቢ እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም እሺ እንላለን። ጋሼ "ሰማሽው?" አላሉኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ጠመንጃውን ከውድድሩ በፊት አስረከቡ። አይሪሹ ቀለሃዎቹን ተቀብሎ ራሱ ሊሞላቸው ይዟቸው ሄደ። የፈራሁት ደረሰ። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። "ምሳ በሉ?" ስላቸው "በልቻለሁ" ይላሉ፤ ድስቱ እንደተከደነ ነው። ከደረጃው ሥር ያለውን በር አልፈው ሲሄዱ አሁን ዓይናቸውን የሚጨፍኑት እሳቸው ሆኑ። ሥራ ቦታ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ስለ ሰው ቦርሳ ሳይሆን ስለዚያ ሶፋ አስብ ነበር።

የውድድሩ ቀን ጠዋት የመኪና ጡሩምባ ደጃችን ላይ ተነፋ። አይሪሹ ነው። ገብቶ ሶፋው ፊት ቆመ። "በቡድን ውድድር ነፋስ አንባቢ ይፈቀዳል" አለ። "እኔ ነፋስ ማንበብ አልችልም፤ ችዬም አላውቅም። ስታነብልኝ የኖርከው አንተ ነህ።"

ጋሼ በእንግሊዝኛ "ሂድ፣ ተወኝ" አሉት። እኔ ጫማቸውን አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። "ዛሬ ኦፍ ነኝ" አልኳቸው። "ሜዳውን አይቼው አላውቅም። እርስዎ ካልሄዱ እኔን ማን ያሳየኛል?" ይሄን ስል የማልቀስ ያህል ነው። ጫማውን አዩት። ተነሡ።

ሜዳውን ሳይ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ለንደን ውስጥ ስኖር ዓይኔ ያን ያህል ርቀት ሄዶ አያውቅም። ሣር፣ ሣር፣ ከዚያ ሣር፣ መጨረሻው ላይ ከአሸዋው ግርጌ የተደረደሩ ነጭ ነጥቦች፤ ዒላማዎቹ እነሱ ናቸው። በመሃል በየርቀቱ የነፋስ ባንዲራዎች ይውለበለባሉ፤ ቅርቡ ወደ ቀኝ ሲነፍስ ሩቁ ወደ ግራ ይነፍሳል። ጥይቷ ያንን ሁሉ አልፋ ነው የምትሄደው። አይሪሹ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኛ። ጋሼ ከኋላው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው በሦስት እግር የቆመ ቴሌስኮፕ አለ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፑ ግን ዓይን እንጂ እጅ አይፈልግም። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አስጠጉ።

"ምን ያያሉ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ሙቀቱ እንደ ወንዝ ሲፈስ ይታያል" አሉኝ። "የወንዙን አካሄድ ነው የማየው።"

በግራ በቀኝ ሌሎቹ ይተኩሳሉ፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ነው፤ እሳቸው አልሰሙም። ፊታቸው ያ የዝናቡ ቅዳሜ ፊት ሆነ። አይሪሹ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ለጥፎ፣ ጣቱን ቃታው ላይ አድርጎ፣ አልተነቃነቀም። ባንዲራዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ።

"አሁን" አሉ ጋሼ፤ በአማርኛ።

ያቺን ቃል ከሳቸው ለምዷታል መሰለኝ፣ አይሪሹ ተኮሰ። ከአፍታ በኋላ የሱ ነጭ ነጥብ፣ ጥይቷ የት እንዳረፈች ሊታይ፣ ወደ ጉድጓዷ ወረደች፣ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ወጣች፤ መሃሏ ላይ ምልክት ተሰክቷል። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። አይሪሹ ቀለሃዋን አውጥቶ ሌላ አጎረሰና እንደገና ተመቻቸ። ጋሼ ዒላማውን ለማየት እንኳን ጊዜ አላጠፉም፤ ወንዙ ላይ ናቸው። ሩቁ ባንዲራ እንደገና ተነሳ።

"ቆይ" አሉት፤ አሁንም በአማርኛ።

አይሪሹ ጣቱን ከቃታው ላይ አንስቶ ጠበቀ።